ሰኔ ሳይገባ

ግንቦት ሊጋመስ ነው። በመርካቶ፣ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ወደ ውስጥ በሚያስገባው ቀጭን መንገድ፣ አንዱ ካልቆመለት ሌላው በማያልፍበት መተላለፊያ መጨረሻ ላይ አንድ ግቢ አለ። ግቢ ይባል እንጂ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ከሁለት ሰሌን አይሰፋም። ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ አንድ የልብስ ገመድ ለሁሉም ነው።

እማማ ጠራራ ፀሐይ ላይ በራቸውን ዘግተው፣ መስኮቱን በነጠላ ጋርደው፣ ጨለማ ውስጥ አልጋ ላይ ቆመዋል። ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ኮርኒሱ ባለፈው ክረምት በስብሶ ስለወረደ ቆርቆሮው ከነሞራሌው ይታያል። ጨለማው ውስጥ ዓይን እየለመደ ሲሄድ ቆርቆሮው በከዋክብት ይሞላል። እያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን አንድ ቀዳዳ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ሐምሌ ላይ ከሥሩ አንድ ጣሳ ይፈልጋል። እማማ ከመጥረጊያ የመዘዙትን ስንጥር በአንዱ ቀዳዳ ወደ ላይ ያሾልካሉ።

«አየኸው ልጄ?»

«አየሁት እማማ፤ ይቀጥሉ።»

ጣሪያው ላይ ያለው ወጣት በደረቱ ተኝቷል። የዛገው ቆርቆሮ የሰው ክብደት ስለማይችል ሰፊ ጣውላ ዘርግቶ በዚያ ላይ ይሳባል። አጠገቡ በቆርቆሮ ጣሳ የሞቀ ሬንጅና የአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ አለ። ስንጥሩ ብቅ ባለበት ቦታ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል፣ ሬንጅ ይቀባል፣ ጨርቁን ይለጥፋል፣ እንደገና ሬንጅ ይደርባል። ከዚያ ስንጥሩ በሌላ ቦታ ብቅ ይላል። እንዲህ እያሉ አብረው እስከ ስምንት ሰዓት ሠሩ። እናቴም በየዓመቱ በዚህ ወር እንዲሁ ታደርግ ስለነበር ያን ስንጥር ሳይ ልቤ ተነካ።

ለጣሪያ ይህን ያህል መድከም የበዛ የሚመስለው ካለ ሒሳቡን ይመልከት። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። አራት በአምስት ሜትር በሆነች አንዲት ክፍል ጣሪያ ላይ በሁለት ወር ውስጥ ወደ 10,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 500 ጀሪካን ይሆናል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው ከግድግዳው እግር ሥር ነው።

ቆርቆሮ ማርጀት የሚጀምረው ከምስማሩ ነው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ስስ ዚንክ ብቻ ነው። ምስማሩ ከነጎማው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሲመታ ውሃው ግራና ቀኝ ይወርዳል። በጎድጓዳው ላይ ሲመታ ግን ከላይ የመጣው ውሃ ሁሉ በምስማሩ ራስ ላይ እያለፈ ነው የሚወርደው። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ይለጠጣል፤ ሌሊት ብርድ ይመታዋል፣ ይሰበሰባል። በዚህ መካከል ምስማሩ ይላላል፣ ጎማው ይደርቃል፣ ዝገቱም ከዚያች ቦታ ተነስቶ ይሰፋል። ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል። ሻጩ «ባለ 28»፣ «ባለ 32»፣ «ባለ 35» ሲል ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ትልቁን ቁጥር የብርታት ምልክት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

በመርካቶ ቤት መጠገን አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ይገኛል። ምናለሽ ተራ ከመላው ከተማ የተጣለ ብረት የሚታደስበት መንደር ነው። በርሜል ተቀድዶ ይዘረጋል፣ ላሜራ ይቆረጣል፣ ከአሮጌ ብረት ምድጃና መጥበሻ ይሠራል። የብዙው ዕቃ ጉዞ የሚጀምረው ከየሰፈራችን በር ነው። «ቆራሌው!» እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚዞረውን ልጅ የማያውቅ የለም። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የተገኘ ነው ይባላል። አንዱ ሰፈር የጣለው ቆርቆሮ በሌላው ሰፈር የኩሽና ጣሪያ ሆኖ ክረምት ይከላከላል። ሱማሌ ተራ ደግሞ የመኪና ዕቃ መንደር ነው፤ በዙሪያው ካሉት ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት ይገኛል። የድሮ አናጢዎች የባህር ዛፍ ቋሚ መሬት ከመግባቱ በፊት እግሩን በዚህ ዘይት ይቀቡት ነበር፤ ምስጥና እርጥበት እንዳይደፍሩት።

የሥራው ቋንቋ ራሱ የአካባቢውን ታሪክ ይናገራል። ሞራሌ፣ ላሜራ፣ ቱቦ፣ ኮርኒስ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ እያልን ስንጠራቸው አገርኛ እስኪመስሉን ለምደናቸዋል፤ ሁሉም ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መርካቶ የሚለው ስምም ያው ገበያ ማለት ነው። ከወረራው በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአገሬውን ነጋዴ ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ አሰፈሩት፤ መሐሉን ለራሳቸው ፈለጉት። ቀጥ ቀጥ ብለው የሚቆራረጡት የመርካቶ መንገዶች የዚያ ዕቅድ ቅሪት ናቸው። በመንገዶቹ መካከል ባለው ቦታ ላይ ግን ቤት የሠራው ሕዝቡ ነው፤ የሠራውም በሚያውቀውና አቅሙ በሚፈቅደው ነገር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ሆነ፣ የአገሩ ቀይ አፈር ግድግዳ ሆነ፣ ባቡሩ ያረከሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ እንኳ አብዛኛው የአዲስ አበባ መኖሪያ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነበር።

ስለ ጭቃ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጭቃ ቤትን ከድህነት ጋር ብቻ አያይዞ ያየዋል፣ ጥበቡን አያይም። ቀይ አፈሩ ተቆፍሮ ጠጠሩ ይለቀማል። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በእግር ይረገጣል። ወዲያው ግድግዳ ላይ አይወጣም። ቀናት ያድራል፤ በየቀኑ ውሃ እየተረጨበት እንደገና ይረገጣል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ጭቃው ይሸታል፣ በእጅ ሲያነሱት እንደ ሊጥ ይሳባል። «ቦክቷል» የሚባለው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሮቹ መካከል ተወርውሮ ይሞላል። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ መሰንጠቁ ግን ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም፣ ቀጣዩ ልባስ የሚነክስበት ጥርስ ነው። በላዩ ደቃቅ ጭድ የገባበት ልስን ይመጣል፣ ከዚያ ኖራ ወይም ጀሶ። እናቴ ልስኑን በመዳፏ ስታሸው የእጇ ምልክት ግድግዳው ላይ እንደ ማዕበል ይቀር ነበር። ኖራው ሲቀባ ምልክቱ ይጠፋል፤ ጧት ጧት ፀሐይ በአግድም ስትመታው ግን ተመልሶ ይታያል።

እንዲህ ያለ ግድግዳ በየዓመቱ ከተዳሰሰ ትውልድ ይሻገራል። በማሊ ጄኔ ከተማ ያለው ታላቁ መስጊድ ዛሬ የሚታየው ሕንፃው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 የቆመ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት እንጨቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም፣ ለሚመርገው ሰው መወጣጫ ናቸው። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ አንድ ቀን ወጥቶ ወጣቱ እየመረገ፣ ሴቱ ውሃ እያመላለሰ፣ ሽማግሌው እያዘዘ መስጊዱን ያድሰዋል። በዓል ነው። የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን ያን ጭቃ እስካሁን ያቆመው ይህ የየዓመቱ እጅ ነው።

በእኛ ከተማ አሁን አሁን የተለመደው ጭቃውን በሲሚንቶ መለሰን ነው። ለጥቂት ጊዜ ያምራል። ነገር ግን ሲሚንቶ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ጭቃ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ሲሚንቶው ከጭቃው ይላቀቃል፣ በመካከላቸው የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ማገሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ግድግዳዎን በጣትዎ አጥንት ቆርቆር ያድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ያ ቦታ ውበቱን እንደያዘ ውስጡ ሞቷል።

እንግዲህ ዕውቀቱ ካለ፣ ዕቃውም ቅርብ ከሆነ፣ የመርካቶ ጓሮ ቤቶች ለምን እንዲህ አዘመሙ? መልሱ ሕዝቡ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህን በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የቤት ኪራይም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለተከራየው ድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይህን መካድ አይገባም። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የመርካቶ ጓሮ ጭቃ ቤቶች ከዚህ ወገን ናቸው። ከዚያ ወዲህ በብዙዎቹ ላይ ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ ቆየ፤ የወር ኪራዩ የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ የማያክል ቤትም ነበረ። ቀበሌው ከዚህ ገቢ ቤት ሊያድስ አልቻለም። ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ለማደስ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ባለቤቱ አቅም የለውም፣ አቅም ያለው ባለቤት አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ቤቱ ብቻውን ክረምትን ተጋፈጠ።

ያደግኩበት ቤት እንዲህ ያለ ነበር። አንድ ዓመት የጀርባው ግድግዳ ሆዱ ወደ ውጭ ተነፋ፤ የቋሚው እግር በስብሶ ነበር። እናቴ በሚያዝያ የእድሳት ፈቃድ ጠየቀች። ጽሕፈት ቤቱን ስሙን አልጠራም። በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደች ደጅ ጠናች። ባለሙያው ቤቱን ሊያይ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው፤ ግድግዳው ግን ከዚያ በፊት በአንድ ሌሊት ዝናብ ወድቆ ነበር። ማንም አልተጎዳም፣ አልጋው ከወዲያኛው ወገን ስለነበረ። በሚያዝያ ሁለት ቋሚና አንድ ጋሪ አፈር ይበቃው የነበረው ሥራ በመስከረም ሙሉ ግድግዳ ሆነ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር የማስበው ያንን ግድግዳ ነው።

የፈቃድ ሰጪዎቹን ሐሳብም እረዳለሁ። «እድሳት» ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ አንድ ክንድ ወደ መተላለፊያው ሲገፋ፣ የጭቃው ቤት በብሎኬት ሲለወጥ አይተዋል። መተላለፊያ ሲጠብ ደግሞ የሚያልፈው እሳት እንጂ የእሳት አደጋ መኪና አይሆንም። ቢሆንም ያፈሰሰ ቆርቆሮ በቦታው መለወጥ፣ የፈረሰ ምርጊት መመለስ፣ አሸንዳ መስቀል ከማስፋፋት ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ሰልፍ ማቆም ትክክል አይደለም።

ሌላው እግር አሳሪ ነገር «ሊፈርስ ነው» የሚለው ወሬ ነው። ለሚፈርስ ቤት ማን ቆርቆሮ ይገዛል? ወሬው ግን አንዳንድ ጊዜ አሥር ዓመት ይኖራል፤ ሰውም በእነዚያ አሥር ክረምቶች ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ልጅ ያሳድጋል።

የመርካቶ ሕዝብ የራሱን ቤት እንዴት እንደሚይዝ ማየት የፈለገ ሰው ለመስቀል ወደ ጉራጌ ይሂድ። ከመርካቶ ነጋዴ ብዙው ሥሩ ከጉራጌና ከስልጤ ነው። መስቀል ሲቃረብ በአገር ቤት ያለው ቤት ይጠረጋል፣ ይለሰናል፣ ግድግዳው ይዋባል፤ ከአዲስ አበባ የሚገባውም ባዶ እጁን አይገባም። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ጀፎረ የሚባለው ሰፊ አረንጓዴ የጋራ መንገድ አለ። ማንም አጥሩን ወደዚያ አይገፋም፣ ማንም አያርሰውም። ባህላዊው ሕግ፣ የጆካ ቅጫ፣ ይጠብቀዋል። እዚያ ቤቱ የራስ ነው፣ ደጁ የጋራ ነው፣ ሁለቱም ሕግ አላቸው። ያው ሰው ተመልሶ መርካቶ ሲገባ ቤቱም የራሱ አይደለም፣ ደጁም የማንም አይደለም።

የማንም ያልሆነው ደጅ ክረምት ሲመጣ ዋጋ ያስከፍላል። በእማማ ግቢ መካከል የሚያልፈው ቦይ ከአንድ ስንዝር አይሰፋም። ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ አንዴ ከዘጋው የስድስቱ ቤት ጎርፍ ዝቅ ወዳለው ወደ አንዱ ቤት ይገባል። ሁልጊዜም ያው ቤት ነው የሚጠቃው። ዘንድሮ ግቢው ተሰብስቦ ተስማማ፤ በየቅዳሜው በተራ ቦይ ይጠረጋል፣ ተራውን ያለፈ ለመጸዳጃው ማስመጠጫ ይጨምራል። መጸዳጃውም የራሱ ጣጣ አለው፤ የፍሳሽ ማንሻ ቦቴ እስከ ዋናው መንገድ እንጂ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ቱቦው እስኪደርስ መተላለፊያው ከዕቃ መጽዳት አለበት። ጉድጓዱ በሐምሌ ከሚሞላ በግንቦት ቢመጠጥ ይሻላል፤ የክረምት ጎርፍ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ወደ ግቢው ገንፍሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ኮርኒስ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ለአንድ አምፖል ታስቦ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ሲቀጠል ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጣሪያው ያፈስበታል፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ በመርካቶ ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳው እሳት ብዙ ሱቆችን ሲበላ መንገዱ መጥበቡና መጨናነቁ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ከተማው ሁሉ አይቷል። ግድግዳ የሚነዝር ከሆነ፣ ማብሪያ ሲነካ የሚጤስ ወይም የሚሸት ከሆነ ለነገ አይባልም፤ ባለሙያ ይጠራ። እሳት ከተነሳ 939 ይደውሉ፤ ቁጥሩን ልጆችም ይወቁት።

በየክረምቱ በጎ ፈቃደኞች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ እናያለን፤ ብዙ እናቶች ደረቅ ቦታ እንዲተኙ አድርገዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ተማሪው የሚያርፈው በክረምት ስለሆነ ሥራው በሐምሌ ይውላል። ጭቃ ግን በሐምሌ አይደርቅም። ዕድሮች፣ ማኅበራት፣ በመርካቶ ፎቅ የገነባችሁ ነጋዴዎች፣ ይህን ሥራ ወደ ሚያዝያና ግንቦት ብታመጡት ያው ገንዘብ እጥፍ ሥራ ይሠራል። ከሕንፃችሁ ጀርባ ያለውን ግቢ አንድ ጊዜ ገብታችሁ እዩት። ወረዳዎችም ቤቱን ሳያሰፋ በነበረበት ለሚጠግን ሰው የተለየ አጭር መንገድ ይክፈቱ፤ በሚያዝያ የገባ ማመልከቻ ሰኔ ሳይገባ መልስ ያግኝ።

ወጣቱ ከጣሪያው ሲወርድ እማማ ቡና አቅርበው ጠበቁት። ሃያ ሦስት ቀዳዳ ደፍኗል። ለእማማ የጀርባ ግድግዳ የእድሳት ፈቃድ ማመልከቻ የገባው ሚያዝያ 6 ነው፤ መልስ አልመጣም። ሰኔ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።